ሳይገባህ ያዝ

“ማን ነው ያለው?” አለ ማኑክ።

“ማንም አላለም።”

“እርስዎ ‘ቁጭ አለ’ ብለዋል። ‘አለ’ ማለት ተናገረ ነው፤ ያለፈው ሰንበት አስተምረውኛል። ታዲያ ቁጭ ብሎ የተናገረው ማን ነው?”

አልታየች እንደገና ከመደቡ ተነሣች። ነጠላዋን ሰብስባ መሐል ቤት ቆመችና፣ ቃል ሳይወጣት ተመልሳ ተቀመጠች።

“ተናገርኩ?”

“አልተናገሩም።”

“ምን አልኩ?”

ማኑክ ጥቁር ጢሙን እየጎተተ ቆየ። “ቁጭ አሉ” አለ በመጨረሻ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው። “የእናንተ አገር ሰው ሳይናገር ይላል። ሲቀመጥ ይላል። ሲነሣ ብድግ ይላል። አፉን ሲዘጋ እንኳ ዝም ይላል። ዝም ካለ እንዴት አለ?”

“እሱን ለፈጠረው ተወው። አንተ ብቻ ያዝ።”

ዕለቱ እሑድ ነበር። የጥር ጉም ከአልዩ አምባ ገደል እየተግተለተለ ወጥቶ አንኮበርን እስከ ጣራ ክዳኗ ድረስ ሸፍኗታል። በሩ ክፍት ቢሆንም ከደጃፉ ወዲያ ያለው አጥር አይታይም። አልታየች ከምድጃው አጠገብ ጥጥ ትፈትላለች፤ ማኑክ ፊት ለፊቷ አጎዛ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ማኑክ አርመን ነው፤ ብር ሠሪ። ለቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች የልጓምና የኮርቻ ጌጥ እንዲሠራ ተጠርቶ በሐረር በኩል ሲመጣ፣ ማደሪያ የተሰጠው በአልታየች ጓሮ ያለችው ጎጆ ነበረች። መጀመሪያ አስተርጓሚ ነበረው። አስተርጓሚው ቤቱ ናፍቆት ሐረር ሲመለስ ጊዜ፣ ማኑክ በምልክት እየበላ በምልክት እየጠጣ ከረመ። ከዚያ አንድ ማለዳ ከአልታየች ደጃፍ መጥቶ አፉን በጣቱ እያመለከተ ቆመ። የራበው መስሏት ዳቦ ሰጠችው። ዳቦውን በላ፤ አፉን ማመልከቱን ግን አልተወም። የፈለገው ምግብ ሳይሆን ቋንቋ መሆኑ የገባት ያኔ ነው።

ጥቂት አማርኛ ይዞ የማስተማሪያ ዋጋዋን ሲጠይቃት ብዙ አላሰበችም። “ለልጄ የአንገት መስቀል ሥራልኝ” አለችው። “ከመንገድ ሲገባ አንገቱ ላይ አስርለታለሁ።”

እሷ የምታውቀው የማስተማር መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷ። መሪጌታ ወልደአረጋይ ከቤታቸው በስተጀርባ ካለው ጥድ ሥር ተማሪዎቹን ዳዊት ሲያስደግሙ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲህ ሆና እየፈተለች ከተማሪዎቹ ቀድማ ትይዘው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ መስመር ሲዘል ከውስጥ ሆና አረመችው። አባቷ አልተቆጧትም። “ገብቶሽ ነው?” ብለው ብቻ ጠየቋት። “አልገባኝም” አለች። “ግድ የለም። ሳይገባሽ ያዢ። የያዘ ሰው አንድ ቀን ይገባዋል፤ ያልያዘ ምኑ ይገባዋል?” አሏት።

ማኑክንም እንዲሁ አስተማረችው። በሳምንቱ ውስጥ ሰው ሲናገር የሰማውን፣ ገባውም አልገባው፣ ከነድምፁ ይይዛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ያነበንብላታል። ትርጓሜው ከእሷ ነው። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰው “የኔታ” ብሎ ሲጠራት የሰሙ ጎረቤቶች ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል። እሷም ስቃለች። ባሏ ደብተራ ወልደተንሣኤ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የተሰማው ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ልጇ ዘርአ ዳዊት ከነጋዴዎች ቅፍለት ጋር ወደ ባሕር ከወረደ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። የላከው አጎቱ ባልደራስ የሺጥላ ነው፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ የቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች አለቃ። “ከእናቱ ቀሚስ ሥር ምን ይሠራል? ሄዶ አገር ይይ፣ በቅሎዎቼን ይጠብቅልኝ” ብሎ አግባባት። ጥምቀት ሲያልፍ የቅፍለቱ የመጀመሪያ በቅሎዎች ገቡ። “የእሱ ጓዝ ወደ ኋላ ቀርቷል” አሏት። ጠበቀች። ፈትላ የጨረሰችውን ድር ለሸማኔ ሰጠች፤ አሁን የምትፈትለው ማጉ ነው። የሚሸመነው ጋቢ የእሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከንክኗታል። ባልደራስ የሺጥላ ደጃፏን መርገጥ ትቷል። በግ ይልካል፣ ገብስ ይልካል፣ እሱ ግን አይመጣም። ሚስቱ ደመቀች ትመጣለች፤ እሷም ጥርሴን አመመኝ እያለች ራሷን እስከ ቅንድቧ ጠምጥማ። አልታየች ነገሩን ከባሏ ርስት ጋር አያያዘችው። ልጁ ሳይመለስ መሬቱን ሊካፈሉት አስበው ቢሆንስ? ሰው ፊትህን የሚሸሸው ወይ ሊበድልህ ሲያስብ ነው፣ ወይ ከበደለህ በኋላ።

“በል የሳምንቱን አምጣ” አለችው ማኑክን።

ማኑክ ተስተካክሎ ተቀመጠ። “የበሩ ዘበኛ ‘ዞር በል’ አለኝ። ዞርኩለት። እንደገና ‘ዞር በል አልኩህ’ አለኝ። እንደገና ዞርኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።”

አልታየች እንዝርቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። “እንደ ወፍጮ ዞርክላቸው? ከፊቴ ራቅ በል ማለቱ ነው እኮ።”

“ራቅ በል። እሱም ‘በል’ አለው።” ማኑክ ራሱን ነቀነቀ። “ሁለተኛው አጭር ነው። ‘ክው ትላለች’። ክው ሲል ምን ያደርጋል?”

አልታየች ልትነሣ ቃጣትና ተወችው። “ይህን ሠርቼ ላሳይህ አልችልም። ቁጭ የሚለው ሰው ወዶ ነው። ክው ግን ይመጣብሃል። ድንጋጤ ነው፤ ሰው እንደቆመ ሲደርቅ።”

ማኑክ ሊሞክረው ዓይኑን አፈጠጠ፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ አፉን ከፈተ።

“ይሄ ክው አይደለም” አለች አልታየች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። “ይሄ ፈርዖን ባሕር ሲሰጥም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለው። ለመሆኑ ማን ናት ክው የምትለው?”

“ስሟን አልጠሩም። ‘እሷ’ ነው ያሉት። ረጅም ነው፤ ሁሉን ይዤዋለሁ።” ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። “ዓርብ ከባልደራስ ቤት ልጓም ስገጥም ባልና ሚስቱ ይነጋገሩ ነበር። ሚስቱ ‘ቀስ በል፣ ሰው አለ’ አለችው። እሱ ‘አርመኑ ምን ይሰማል፤ ብላና ጠጣ ነው የሚያውቀው’ አለ። ያቺን ቃል ሰማኋት። ተናደድኩ። ተናድጄ ሁሉን ያዝኩት።”

የሰው ጓዳ ነገር ነው፣ ተወው ልትለው አፏ ደርሶ ነበር። ርስቱ ትዝ አላት።

“እስቲ በለው” አለች፤ “ቀስ እያልክ።”

ማኑክ ዓይኑን ጨፍኖ መወዛወዝ ጀመረ። “‘ስትሰማ ክው ትላለች። ብቻዋን እንዳትሰማ።’”

“ሰው ከጎኗ ሳይኖር አትስማ ማለት ነው” አለች አልታየች ፈትሏን እየሳበች። “ቀጥል።”

“‘ወንድሟ ከደነባ እሑድ ማታ ይገባል። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን እንሄዳለን።’”

የእንዝርቱ ክር ተበጠሰ። የአልታየች ወንድም የሚኖረው ደነባ ነው። ግን ደነባ ወንድም ያላት ሴት እሷ ብቻ አይደለችም። ክሩን በምራቋ አርጥባ ቀጠለችው። “‘ሊነጋጋ ሲል’” አለች፣ “ገና ሳይነጋ፤ ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ሰው ፊቱ ሳይለይ ማለት ነው። ቀጥል።”

“‘አፈር አልብሰውታል፣ አዋሽ ዳር።’” ማኑክ አንድ ዓይኑን ገለጠ። “ይሄ ገረመኝ፣ የኔታ። ‘ለበሰ’ን አውቀዋለሁ። አፈር ይለበሳል?”

“ይለበሳል።”

አፏ ነው የመለሰለት። አፏ ማስተማሩን አላቆመም፤ ሌላው ሰውነቷ ግን ከአፏ ተለይቶ ሌላ ቦታ ቆሞ ነበር። ቅፍለቱ የሚያልፈው በአዋሽ ነው።

“‘ትኩሳት ነው አሉ፤ በሦስት ቀኑ። እኔ ነኝ የሰደድኩት። ልጄን አምጣ ብትለኝ ምን እላታለሁ? በምን ፊቴ አያታለሁ?’ ከዚያ በኋላ እንዲህ አለ።” ማኑክ ደረቱን ወደ ውስጥ ሳበና ከጉሮሮው የተሰባበረ ድምፅ አወጣ፤ አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር፣ በመጨረሻ እንደ ሳል ያለ። “ይህ ቃል ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ግን ያዝኩት።”

እንዝርቱ ከአልታየች እጅ ወርዶ እስከ ምድጃው ጠርዝ ተንከባለለ። አላየችውም። እጇ እንደያዘ ቀርቷል፤ ሁለት ጣቶቿ የሌለውን ክር ቆንጥጠዋል። በሩን ትመለከታለች፤ በበሩ ግን ጉም እንጂ ምንም አይታይም።

ማኑክ ዓይኑን ከፈተ። “የኔታ?”

ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

“የኔታ፣ ተሳሳትኩ?”

“ድገመው” አለች።

“ሁሉን?”

“መጨረሻውን።”

ደገመው። ያን ድምፅ ሲያሰማ ደግሞ አዳመጠች። የሰው ቃል ተሳስቶ ሊያዝ ይችላል፤ አርመን ነው፣ ‘አዋሽ’ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ‘ደነባ’ም ሌላ። ያ ድምፅ ግን ሌላ ሊሆን አይችልም። ባሏን የቀበሩ ዕለት ሰምታዋለች፤ የሺጥላ በወንድሙ መቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ነበር ያለቀሰው፤ አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር፣ ከዚያ እንደሚያስል ሰው።

ማኑክ ፊቷን እያየ እሱም ፊቱ ነጣ። “ክፉ ቃል ነው የተናገርኩት?”

“አይደለም።” ድምፅዋ ደረቅ ነበር። “ንባብህ ደኅና ነው። አንድ ቃል አልሳትክም።”

ልትጮህ ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ብትጮህ ጉሙን ሰንጥቆ እስከ ሚካኤል ይሰማል፤ አገሩ ይሰበሰባል። መጀመሪያ የሚጠይቋት ግን ‘ማን ነገረሽ?’ ብለው ነው። ለእናት መርዶ የሚነገረው በሥርዓት ነው፤ ወንድም ከጎን፣ እኅት ከኋላ ሆነው፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ተዘጋጅቶ፣ ጎሕ ሲቀድ። ይህን ሁሉ ሲያዘጋጁላት ነው የሰነበቱት። በጉም፣ ገብሱም፣ የደመቀች ጥርስም ይሄው ነው። እሷ ርስት ሊነጥቁኝ ነው ብላ ስታማቸው፣ እነሱ ለእሷ ልጅ ተደብቀው ያለቅሱ ነበር። አሁን ዘመድ የሌለው ባዕድ ሰው በእኩለ ቀን፣ ያውም በዳዊት ዜማ እያነበነበ መርዶ አረዳት ቢባል፣ ባልደራስ የሺጥላ ይህን ሰው ምን ያደርገዋል? የሺጥላስ ራሱ፣ ያቺን የመርዶ ንጋት ከተነፈገ፣ ከእንግዲህ በየት በኩል ፊቷ ይቀርባል?

ይህን ሁሉ በሐሳብ ቅደም ተከተል አላሰበችውም። ሰውነቷ ግን አወቀው፤ አልጮኸችም።

“ቤቶች” የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። “እትዬ አልታየች፣ አለሽ?”

ደመቀች ናት። የተከደነ ገበቴ በነጠላዋ ሸፍና ጉሙን ይዛ ገባች። ራሷ እንደ ወትሮው እስከ ቅንድቧ ተጠምጥሟል።

“ደኅና ዋልሽ እትዬ። ውይ፣ ተማሪሽም አለ? ምነው እንዲህ ነጣ? ገረፍሽው እንዴ?”

ማኑክ አንገቱን ደፋ።

“ዛሬ ዲቁና ሊቀበል ነው” አለች አልታየች።

“ሚስቱ ባሕር ማዶ አይደለች? ምን አለበት፣ እዚሁ እናመነኩሰዋለን።” ደመቀች ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ አለቀባት። ገበቴውን ከፈተች፤ በቅቤ የራሰ ገንፎ ነበር። “ትኩሱን ብዪ። እዚሁ ስትበዪ ልይሽ።”

“ጥርስሽ እንዴት ሆነ?”

“ዛሬስ ሻል ብሎኛል።”

ደመቀች ገበቴውን ልታስቀምጥ ስታጎነብስ ጥምጣሙ ወደ ኋላ ሸሸ። ከጆሮዋ በላይ ጠጉር አልነበረም፤ ተላጭቷል። ጆሮ ግንዷ ላይ የተነጨው ቁስል ደርቆ ቅርፊት ይዟል። ፈጥና ጥምጣሙን ጎተተችና ቀና ስትል ከአልታየች ዓይን ጋር ተገጣጠመች። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው አልታየች ናት።

“ነዪ አብረን እንብላ” አለች። “ብቻዬን ምን ይዋጥልኛል?”

ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ገበቴ በሉ። አልታየች አንድ ጊዜ ዋጠች፤ ቀጥላም ዋጠች። ደመቀች አጎረሰቻት። አልታየችም መልሳ አጎረሰቻት።

“ነገ ጠዋት ውሃ ትወርጃለሽ እንዴ?” አለች ደመቀች ወደ ገበቴው እያየች።

“አልወርድም።”

“ገበያስ?”

“የትም አልሄድም፣ ደሜ። ቤቴ ነኝ።”

ደመቀች ለመሄድ ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። “ብርድ ነው” አለች በመጨረሻ። “ደርበሽ ተኚ።” ጉሙ ወዲያው ዋጣት፤ የእግሯ ኮቴ ብቻ ጥቂት ተሰማና ጠፋ።

የደመቀችን የተላጨ ራስ ማኑክም አይቷል። በአገሩም ሰው ሲሞት ሴቶች እንዲሁ ይሆኑ ይሆናል፤ ወይም ላይሆኑ ይችላሉ። ብቻ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከብብቱ በቁራጭ ቆዳ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። “ዛሬ ልሰጥዎ ነበር” አለ። መስቀሉ ነው።

አልታየች ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው። ቀዝቃዛ ነው፤ ጫፎቹ ተሞርደው ለስላሳ ሆነዋል። አውራ ጣቷን አንድ ጊዜ አሳለፈችበትና መለሰችለት።

“ቀለበቱን ለወንድ ክር አድርገህ ነው የሠራኸው” አለች። “አጥብበው። ለኔ ክር ይሁን።”

ማኑክ ተቀበላትና በሁለት እጁ ያዘው። “የኔታ፣ እኔ...”

“ስማኝ። ዛሬ ምንም አላልክም። እኔም ምንም አልሰማሁም። ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል።”

“ነገ ሊነጋጋ ሲል ብዙ ሰው ይመጣል። ጩኸት ትሰማለህ። አትፍራ፤ ከሰው ጋር ሆነህ ግባ። ሰዎች ሲቀመጡ ቁጭ በል፤ ሲነሡ ብድግ በል። እኔ ምንም ብሆን ዝም በል። ወደ እኔ ስትቀርብ አንዲት ነገር ብቻ ትላለህ። ‘እግዜር ያጥናዎት’ በል።”

“እግዜር ያጥናዎት።”

“‘ጥ’ን ጠበቅ አድርጋት። እንደገና።”

“እግዜር ያጥናዎት።” ማኑክ ቀና ብሎ አያት። “ትርጉሙስ?”

“ሳይገባህ ያዝ” አለችው። “ትርጉሙ ነገ ይመጣል።”

ማኑክ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዝግታ እየተወዛወዘ ማነብነብ ጀመረ። አልታየች ጎንበስ ብላ እንዝርቱን ከምድጃው ጠርዝ አነሣች፤ አመዱን አራግፋ መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ማታ ማታ በሩን የምትቀረቅርበትን የወይራ መወርወሪያ ከማእዘኑ አንሥታ፣ ጥቂት በእጇ ይዛው ቆየችና፣ በሩ ሳይቀረቀር እንዲያድር ከመደቡ ሥር አስተኛችው።